የካልኩለስን ሳምንታዊ የቤት ሥራ እንዴት እንሥራ?

በካልኩለስ ኮርስ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነገር አለ። ተማሪው የቤት ሥራውን በየሳምንቱ ያስረክባል። ውጤቱም ጥሩ ነው። ሚድ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። «ይሄንን እኮ ሠርቼዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሠርቶታል። የሠራው ግን ደብተሩን ከፍቶ፣ የሌክቸሩን ምሳሌ እያየ፣ ቁጥሩን ብቻ እየቀየረ ነው።

የቤት ሥራው ወረቀት አናቱ ላይ የሳምንቱ ሕግ ስም፣ ለምሳሌ «ቼይን ሩል»፣ በርዕስነት ይኖራል። ስለዚህ ጥያቄውን ሳናነብ መልሱ በየት በኩል እንደሚመጣ እናውቃለን። ፈተና ላይ ያ ርዕስ የለም። ካልኩለስን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ እዚህ ጋ ነው፤ የትኛውን መንገድ ልያዝ ብሎ መወሰን። ይህ መመሪያ ያንን ውሳኔ በየሳምንቱ ራሳችሁ እንድትወስኑ ለማድረግ የተጻፈ ነው።

1. በተሰጠበት ቀን ሙሉውን አንብቡት

ሩብ ሰዓት ይበቃል። አትሥሩ፣ አንብቡ ብቻ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ምልክት አድርጉ። አንድ ምልክት «ይሄን እችለዋለሁ» ለምትሉት፣ ሌላ ምልክት «አካሄዱ ይገባኛል ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ለምትሉት፣ ሦስተኛው «ምን እንደሚጠይቅ ራሱ አልገባኝም» ለምትሉት።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከባዱን ጥያቄ አስቀድማችሁ ስላወቃችሁት የሚቀጥለውን ሌክቸር ስትከታተሉ ጆሯችሁ ይነቃል። ሁለተኛ፣ ጊዜያችሁን መመደብ ትችላላችሁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት ያህል የግል ሥራ ይጠበቃል። በሳምንት 4 ሰዓት ሌክቸር ካላችሁ 8 ሰዓት ማለት ነው። ይህ በአንድ ሌሊት አይገፋም። ሦስት ወይም አራት ቀን ላይ ክፈሉት፤ የመጨረሻውን ቀን ለመፈተሽና አጽድቶ ለመጻፍ ተዉት።

2. ከመጀመራችሁ በፊት ደብተር ዘግታችሁ ጻፉ

ባዶ ወረቀት አውጡ። የሳምንቱን ዋና ዋና ነገሮች ከጭንቅላታችሁ ጻፉ፦ ትርጉሞቹን፣ ቀመሮቹን፣ እያንዳንዱ ቀመር የሚሠራበትን ሁኔታ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ቀለሙ የበዛበት ቦታ ገና ያልያዛችሁት ነው።

ቀጥሎ ከሌክቸሩ አንድ ምሳሌ ምረጡ። ጥያቄውን ብቻ ገልብጡና መልሱን ሳታዩ ሥሩት። ሌክቸር ላይ «ገብቶኛል» ያላችሁት ነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይፈተናል። መምህራችሁ ሲሠሩት መከተልና ራሳችሁ መሥራት በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ምሳሌውን ብቻችሁን መጨረስ ካልቻላችሁ ወደ የቤት ሥራው አትሂዱ። ምሳሌው ላይ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያተርፍላችኋል።

3. ከማስላት በፊት ዕቅዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ልትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ሁለት ኢንተግራሎች (ዴሪቬቲቭን፣ ማለትም የለውጥ ፍጥነትን፣ ወደ ኋላ የሚመልስ ስሌት) እንይ። የመጀመሪያው ኤክስ·ሳይን(ኤክስ²) ነው። ሁለተኛው ኤክስ·ሳይን(ኤክስ)። ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። አሠራራቸው ግን አይገናኝም። በመጀመሪያው ውስጥ ኤክስ² አለ። የኤክስ² ዴሪቬቲቭ 2ኤክስ ነው፤ ውጭ ደግሞ ኤክስ ቆሞ ይጠብቀናል። ስለዚህ ሰብስቲትዩሽን (የውስጠኛውን በአንድ ፊደል መተካት) ነው፣ መልሱም −½ ኮሳይን(ኤክስ²) + ሲ ይሆናል፤ ሲ ማንኛውም ቋሚ ቁጥር ነው። በሁለተኛው ግን በሳይኑ ውስጥ ያለው ኤክስ ብቻ ነው፤ ዴሪቬቲቩ 1 ስለሆነ ውጭ ያለውን ኤክስ የሚያጠፋልን ነገር የለም። ስለዚህ ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ (ብዜቱን ከፋፍሎ መሥራት) ያስፈልጋል፤ ኤክስን ዴሪቬቲቭ ስናወጣው ወደ 1 ይቀልልናል። መልሱ −ኤክስ·ኮሳይን(ኤክስ) + ሳይን(ኤክስ) + ሲ ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱ አራት አምስት መስመር ነው። ትምህርቱ ያለው «ለምን ሰብስቲትዩሽን መረጥኩ?» የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አናት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ሰብስቲትዩሽን እጠቀማለሁ፣ ምክንያቱም የውስጠኛው ዴሪቬቲቭ ውጭ አለ።» «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ግዴታ ነው። ከእሱ በኋላ የምትጽፉት ከጠፋችሁ እየገመታችሁ ነው ማለት ነው። መገመት ራሱ ነውር የለውም፤ ግን እየገመታችሁ እንደሆነ እወቁት።

ሊሚትም (ኤክስ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ ፋንክሽኑ የሚጠጋበት ዋጋ) እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን ተኩና ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚመጣ እዩ። መደበኛ ቁጥር ከመጣና ፋንክሽኑ እዚያ ቦታ ላይ ያልተቋረጠ ከሆነ ጨርሳችኋል። 0/0 ከመጣ ገና ምንም አልታወቀም፣ ሥራ ይቀራል። ለምሳሌ (√(ኤክስ+4) − 2)/ኤክስ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ 0/0 ይሰጣል። ላይም ታችም በ√(ኤክስ+4) + 2 ስናባዛ ላይ ኤክስ ብቻ ይቀራል፣ ከታችኛው ኤክስ ጋር ይጣፋል፣ መልሱም 1/4 ይሆናል። 0/0 አይቶ «መልስ የለውም» ብሎ መዝለል በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

4. የቃል ጥያቄ ሲመጣ ቁጥሩን ለመጨረሻ አቆዩት

አብዛኛው ተማሪ የሚሸሸው የቃል ጥያቄ ነው። እስቲ አንዱን ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

5 ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል። እግሩ በሴኮንድ 1 ሜትር ከግድግዳው እየራቀ ነው። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር በራቀበት ቅጽበት የላይኛው ጫፍ በምን ፍጥነት ይወርዳል?

መጀመሪያ ሥዕል ሣሉ። ቀጥሎ የሚለዋወጠውንና የማይለዋወጠውን ለዩ። የመሰላሉ ርዝመት ሁልጊዜ 5 ነው። የእግሩ ርቀት (ኤክስ) እና የጫፉ ከፍታ (ዋይ) ግን ይለዋወጣሉ። ከዚያ የተሰጣችሁንና የተጠየቃችሁን በምልክት ጻፉ፦ ዲኤክስ/ዲቲ = 1 ተሰጥቷል፣ ዲዋይ/ዲቲ ተጠይቋል። አሁን ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ፈልጉ። ሥዕሉ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ትሪያንግል ስለሆነ ኤክስ² + ዋይ² = 25።

እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። «ኤክስ እኮ 3 ነው» ብሎ ወዲያው መተካት ያምራል። ከተካችሁት ግን ኤክስ ቋሚ ቁጥር ሆነ ማለት ነው፣ የቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቭ ደግሞ ዜሮ ነው። እንቅስቃሴው በሙሉ ከእጃችሁ ይጠፋል። 3 ሜትር የአንድ ቅጽበት ፎቶ ነው። መጀመሪያ ዴሪቬቲቩን በጊዜ አውጡ፦

2ኤክስ·(ዲኤክስ/ዲቲ) + 2ዋይ·(ዲዋይ/ዲቲ) = 0

አሁን ተኩ። ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ 4 ነው። ስለዚህ ዲዋይ/ዲቲ = −(3/4)·1 = −0.75። ጫፉ በሴኮንድ 0.75 ሜትር ይወርዳል። ኔጌቲቩ «ወደ ታች» ማለት ነው። ምልክቱ ትርጉም ከሰጠ ጥሩ ምልክት ነው።

መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ትንሽ ተጫወቱበት። ኤክስ ወደ 5 ሲጠጋ ምን ይሆናል? ዋይ ወደ 0 ይሄዳል፣ ቀመሩም ፍጥነቱን ያለ ገደብ ያሳድገዋል። እውነተኛ መሰላል ይህን አያደርግም። ሒሳባዊ ሞዴሉ የሚሠራበት ወሰን እንዳለው በራሳችሁ ደረሳችሁበት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማንም ነጥብ አይሰጥበትም፤ ካልኩለስን የምንወደው ግን በዚህ ምክንያት ነው።

5. ስትጣበቁ

መጣበቅ የሥራው አካል ነው። ችግሩ ሰው ሲጣበቅ ወይ ወዲያው መልስ ፍለጋ ይሄዳል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ስጡት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን አንድ ነገር እየሠራችሁ እንጂ እያፈጠጣችሁ አይሁን። ሥዕል ወይም ግራፍ ሣሉ። ፊደሉን ትታችሁ ቀላል ቁጥር አስገቡና ምን እንደሚሆን እዩ። ከባዱን ፋንክሽን በቀላል ቀይሩት፤ መጀመሪያ ለኤክስ² ሞክሩት። ወደ ትርጉሙ ተመለሱ፦ ጥያቄው «ያልተቋረጠ» ሲል በትክክል ምን ማለቱ ነው? ብዙ የማረጋገጫ ጥያቄዎች ትርጉሙን በደንብ ስትጽፉት ግማሻቸው ያልቃል።

ካልሆነ የተጣበቃችሁበትን ነጥብ በጽሑፍ አስቀምጡ። «ጥያቄ 7 አልገባኝም» አይበቃም። «ዴሪቬቲቩን አውጥቼ ከዜሮ ጋር አስተካክያለሁ፣ ሁለት ኤክስ አገኘሁ፣ ከሁለቱ የትኛው ከፍተኛው እንደሆነ የሚለይበት ምክንያት ጠፋኝ» በሉ። እንዲህ ሲጻፍ አንዳንድ ጊዜ መልሱ እዚያው ብልጭ ይላል። ከዚያ ወደ ሌላ ጥያቄ እለፉ። ነገ ስትመለሱበት ሌላ ነገር ይታያችኋል። በመጀመሪያው ቀን የመጀመር ዋናው ጥቅም ይህ «ነገ» መኖሩ ነው።

6. ዕርዳታ አጠያየቅ

የመምህራችሁን የቢሮ ሰዓት ተጠቀሙበት። የጻፋችሁትን ሙከራ ይዛችሁ ግቡ፣ የተሳሳተም ቢሆን። «መምህር፣ እስከዚህ ደርሻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ለምን ይህን መንገድ እንደምይዝ አልገባኝም» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚፈልገውን ያገኛል። ባዶ ወረቀት ይዞ የሚገባ ሰው ግን ሌላ ሌክቸር ሰምቶ ይወጣል።

ከጓደኛ ጋር መሥራት በጣም ጥሩ ነው፣ በአንድ ሁኔታ፦ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ለብቻው ሞክሮ ይምጣ። ያለዚያ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ የገለበጡት ደግሞ «አብረን ሠራን» ብለው ያምናሉ። አብራችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጉና ሁሉም ለየብቻው ከመጀመሪያ ይጻፈው። መምህራችሁ አብሮ መሥራትን እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቅዱ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከኮርስ ኮርስ ይለያያል።

ፎቶ አንስተው ደረጃ በደረጃ የሚሠሩ መተግበሪያዎችና የኤአይ ረዳቶችስ? አሉ፣ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ናቸው። የኮርሱ ደንብ ከፈቀደ የምመክረው ይህን ነው። ሙሉ መልስ አትጠይቁ። የራሳችሁን ሥራ ሰጥታችሁ «የመጀመሪያው ስህተት የትኛው መስመር ላይ ነው? አታርመው፣ ጠቁመኝ ብቻ» በሉ። የተሠራ መልስ ካያችሁ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ እዩ፣ ዝጉት፣ ከዚያ ራሳችሁ ቀጥሉ። ኤአይ በራስ መተማመን የተሞላ ስህተት ሊጽፍ እንደሚችልም አትርሱ። መልሱን የምትፈትሹበት መንገድ ከሌላችሁ ትክክል መሆኑን የምታውቁበት መንገድም የላችሁም።

7. ነጥብ የሚያልቀው አልጀብራ ላይ ነው

ካልኩለሱን በትክክል ሠርቶ በአልጀብራ መውደቅ ያንገበግባል። ዋናዎቹ ጥፋተኞች የታወቁ ናቸው። √(ሀ² + ለ²) ከሀ + ለ ጋር እኩል አይደለም፤ 3 እና 4 አስገቡና እዩት፣ አንዱ 5 ሌላው 7 ይሰጣል። 1/(ሀ + ለ) ለሁለት ክፍልፋይ አይሰነጠቅም፤ ሁለቱንም 1 አድርጉ፣ አንዱ ግማሽ ሌላው 2 ይሆናል። ከቅንፍ በፊት ያለ ኔጌቲቭ ለሁሉም ይዳረሳል።

ስለምትጠራጠሩት ሕግ ሁሉ ይህን አድርጉ፦ በቀላል ነገር ሞክሩት። የሁለት ፋንክሽኖች ብዜት ዴሪቬቲቭ የዴሪቬቲቮቻቸው ብዜት ነው? ኤክስን በኤክስ አባዙ። የኤክስ² ዴሪቬቲቭ 2ኤክስ ነው፣ 1 ሲባዛ በ1 ግን 1 ነው። ስለዚህ አይደለም። ከካልኩለስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ላይብኒዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1675 በያዘው ማስታወሻ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆ፣ በምሳሌ ሞክሮ፣ ስህተት መሆኑን ደርሶበታል። ያ ጥርጣሬ የሚመጣባችሁ ስለማትችሉ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካልኩሌተራችሁ ራዲያን ላይ መሆኑን እዩ። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነው። ሳይን(ኤክስ)/ኤክስ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ 1 መሆን ሲገባው ካልኩሌተሩ 0.01745 ካላችሁ ዲግሪ ላይ ናችሁ።

8. መልሱን ራሳችሁ ፈትሹ

ካልኩለስ ለፍተሻ የተመቸ ትምህርት ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም።

ኢንተግራል ሠራችሁ? የመልሱን ዴሪቬቲቭ አውጡ፣ ወደ ጥያቄው መመለስ አለበት። ቅድም ያገኘነውን −ኤክስ·ኮሳይን(ኤክስ) + ሳይን(ኤክስ) እንሞክር። የመጀመሪያው ክፍል −ኮሳይን(ኤክስ) + ኤክስ·ሳይን(ኤክስ) ይሰጣል፣ ሁለተኛው ኮሳይን(ኤክስ)። ኮሳይኖቹ ይጣፋሉ፣ ኤክስ·ሳይን(ኤክስ) ይቀራል። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው።

ሊሚት ሠራችሁ? ቅርብ ቁጥር አስገቡ። ቅድም 1/4 ያልነው ላይ ኤክስን 0.01 ብታደርጉት 0.2498 ገደማ ይመጣል። መልሳችሁ 4 ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ይታወቅ ነበር።

የመልሱ ምልክት ትርጉም ይሰጣል? የ1/ኤክስ² ኢንተግራል ከ−1 እስከ 1 ተጠይቆ ቀመሩን ዝም ብላችሁ ከተጠቀማችሁ −2 ታገኛላችሁ። ግን 1/ኤክስ² በየትም ቦታ ፖዘቲቭ ነው። ከዜሮ በላይ የሆነ ግራፍ እንዴት ኔጌቲቭ ስፋት ይኖረዋል? እዚህ ጋ ቆማችሁ ስትመለከቱ ፋንክሽኑ ዜሮ ላይ ወደ ላይ እንደሚፈነዳ ታያላችሁ። ኢንተግራሉ ውሱን ዋጋ የለውም፣ ቀመሩም እዚህ አይሠራም።

ከፍተኛና ዝቅተኛ ስትፈልጉ ዴሪቬቲቩን ከዜሮ ጋር ማስተካከል መነሻ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካሬ ካርቶን አራቱ ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ ካሬ ቆርጠን፣ ጎኖቹን ወደ ላይ አጥፈን ክዳን የሌለው ሣጥን እንሠራለን እንበል። የምንቆርጠው ካሬ ጎን ኤክስ ከሆነ ይዘቱ ኤክስ·(12 − 2ኤክስ)² ነው። ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 2 እና 6 ሲሆን ነው። 6 ከቆረጥን ካርቶን አይተርፍም፣ ይዘቱ ዜሮ ነው። 0 ላይም ዜሮ ነው። 2 ላይ 128 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ጫፎቹን ማየት አትርሱ። የኤክስ³ ዴሪቬቲቭ ደግሞ 0 ላይ ዜሮ ነው፣ ሆኖም እዚያ ቦታ ከፍተኛም ዝቅተኛም የለም።

በመጨረሻ ግራፍ በሚሥሉ መተግበሪያዎች፣ በዴስሞስ ወይም በጂኦጀብራ፣ ግራፉን ሣሉና ከመልሳችሁ ጋር አስተያዩት። ከሠራችሁ በኋላ ግን፣ በፊት አይደለም።

በኮምፒውተር የሚሞላ የቤት ሥራ ካላችሁ ይህ ክፍል ይበልጥ ይመለከታችኋል። «ስህተት» ሲላችሁ ምልክት ቀይሮ እንደገና መሞከር ነጥብ ያመጣ ይሆናል፣ ምንም ግን አያስተምርም። መጀመሪያ በወረቀት ሥሩ፣ ፈትሹ፣ ከዚያ አስገቡ።

9. አጽድቶ መጻፍ

የሙከራ ወረቀትና የምታስረክቡት ወረቀት ይለያዩ። በየመስመሩ እኩል ምልክቱ እውነት መሆኑን እዩ፤ ፋንክሽኑን ጽፎ «=» አድርጎ ዴሪቬቲቩን መጻፍ ውሸት ነው። «ሊሚት» የሚለውን እስክትተኩ ድረስ አትጣሉት። «+ ሲ»ን አትርሱ። የቃል ጥያቄን መልስ ከነመለኪያው በዓረፍተ ነገር ጨርሱ። ከዕቅዳችሁ አንድ ሁለት መስመር ሥራው ላይ ይቀመጥ፣ ለአራሚውም ለእናንተም ይጠቅማል።

10. ታርሞ ሲመለስ

ብዙው ሰው ውጤቱን አይቶ ያጥፈዋል። ነጥብ የተቀነሰባችሁን ጥያቄ ሁሉ እርማቱን ካነበባችሁ በኋላ ከባዶ ወረቀት ላይ ድጋሚ ሥሩት። ስህተቱን በትንሽ ደብተር ላይ በአንድ መስመር መዝግቡ፦ «ሳላወጣ ተካሁ»፣ «ጫፎቹን አላየሁም»፣ «ቅንፍ»። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ የራሳችሁ ስህተት ተደጋጋሚ መሆኑን ታያላችሁ። ለሚድ ከዚያ የተሻለ ሾርት ኖት የለም።

ሌላው ነገር ማደባለቅ ነው። በየሳምንቱ ካለፉት ሳምንታት ሦስት አራት ጥያቄ በዘፈቀደ አውጡና አሁን ካለው ጋር ቀላቅላችሁ ሥሩ። ተመራማሪዎቹ ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የይዘት ሒሳብ ጥያቄዎችን አንዱ ቡድን በዓይነት በዓይነት፣ ሌላው ደባልቆ እንዲለማመድ አደረጉ። በልምምዱ ጊዜ በዓይነት የሠሩት በለጡ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የደባለቁት በብዙ በለጡ። ስለዚህ ደባልቃችሁ ስትሠሩ ሥራው ቢከብዳችሁና ቢዘገይ አትደንግጡ። ርዕሱ የሌለበትን ወረቀት እየተለማመዳችሁ ነው።

ነገ ማስረከቢያ ሆኖ ገና ካልጀመራችሁ

ይሄም ይመጣል፣ ሌላ ኮርስ አለ፣ ሕመም አለ። እንደዚያ ሲሆን ሁሉንም ለመጨረስ አትሞክሩ። ሩብ ሰዓት አንብቡና ምልክት አድርጉ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጥያቄ መርጣችሁ በደንብ፣ ከነ«ምክንያቱም»ው ሥሩ። ቀሪዎቹን ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ሂዱባቸው። ያልቻላችሁት ላይ ዕቅዱንና የተጣበቃችሁበትን ቦታ ጻፉ፤ ብዙ አራሚዎች ለትክክለኛ ጅምር ነጥብ ይሰጣሉ። የሌላ ሰው ሥራ አትገልብጡ። የተረፉትን ጥያቄዎች ዝርዝር ደግሞ የስህተት ደብተራችሁ ላይ አስፍሩና ቅዳሜ ጠዋት ሥሯቸው፣ ማንም ባይሰበስባቸውም።